ጨዋታው ሳይቀር፣ መጠጡ ሳይበዛ

ሠርግ ቤት ውስጥ ሰው የሚሰክረው ጠምቶት አይደለም። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ወድዶ ይጠጣታል፤ ሁለተኛዋንም ምናልባት እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አብዛኛው ለሰው ተብሎ የሚጠጣ ነው፦ አክስት «በሞቴ» ስላለች፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ዙሩን ስላዘዘ፣ ከጎን ያለው ሰው ጠርሙሱን ጨርሶ ዐይን ዐይን ስለሚያይ። ስለዚህ እዚህ ስለ ጽናት ብዙ አልሰብክም። የሚያሸንፈን ይሉኝታ ነውና ዘዴ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።

መጀመሪያ፣ መጠጣት የሌለብዎ ቀን

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ልኩ ዜሮ ነው። መኪና የሚነዱ ከሆነም ዜሮ ብለው ይያዙት፤ «አንድ ብቻ» የሚለው ክርክር የሚጀመረው ከአንዱ በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ የቤተሰብ ድግስ ላይ «ይቅመስ እንጂ» የሚባለው ልጅም ጉበቱ ያው ነው።

መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎች ለብቻቸው ይታዩ። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ፍላጂል የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን እስኪጨርስ፣ ከዚያም በኋላ ሦስት ቀን ያህል መጠጥ እንዳይነካ የመድኃኒቱ መግለጫ ያስጠነቅቃል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ አስቀድሞ ሥራ በዝቶበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ነው። መጠጥ ከሰዓታት በኋላ ሳይቀር የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ ስኳር የወረደበት ሰው ደግሞ ይንገዳገዳል፣ ይንተባተባል፣ ያልበዋል። አብረውት ያሉት «ሞቅ ብሎታል፣ ይተኛ» ብለው ይተዉታል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ጠረጴዛው ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ይወቅልዎ።

አንድ ነገር እዚሁ ልበልና ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል፤ አልኮል ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ከተመደበም ብዙ ዓመት ሆኖታል። «ትንሽ ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው» የሚለውን ወሬ ለመጠጣት ምክንያት አያድርጉት። ልክ ማወቅ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ልክዎን በግራም ይወቁት

«ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ሁለት ምን እንደጠጣ ካልነገረን ምንም አልነገረንም። ቁም ነገሩ ያለው ብርጭቆው ውስጥ ባለው ንጹህ አልኮል ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር ይያዙ፣ ከዚያ ውስጥ መቶኛው ስንት ሚሊ ሊትር አልኮል እንደሚሆን ያውጡ፣ ያንን በ0.8 ያባዙት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይሆናል። ድራፍት ላይ ይጠንቀቁ፤ የጃምቦ ልክ እንደየቤቱ ስለሚለያይ «ሦስት ጃምቦ» ማለት ሦስት ጠርሙስ ማለት አይደለም፣ ሊበልጥ ይችላል።

የቤት መጠጥ ደግሞ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት የለውም። ተራ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ፊልተር ጠላ 5 እና 6 ይደርሳል። ጠጅ ከ7 ተነሥቶ እስከ 14 ሊሄድ ይችላል። ዳግም አረቄ 45 አካባቢ ነው። እንግዲህ ያስሉት፦ ግማሽ ሊትር ፊልተር ጠላ 24 ግራም፣ ማለትም ሁለት ጠርሙስ ቢራ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርሌ መካከለኛ ጠጅ 20 ግራም፣ አንድ ቢራ ተኩል። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ አረቄ 14 ግራም፣ ከአንድ ቢራ ትንሽ በለጥ። በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ አታላዩ ጠጅ ነው። አረቄ ጉሮሮ ላይ ራሱን ያስታውቃል፤ ጠጅ ግን ማሩ ፊት ፊት እየቀደመ ሦስተኛው ብርሌ እስኪያልቅ ዝም ይላል፣ ነገሩ የሚገባዎት ሲነሡ ነው።

ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቡና አያፋጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ማስመለስም፣ በማግሥቱ የሚበላው ዱለትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው 78 ግራም አስገብቷል፤ ይህ ከሰውነቱ ተጠርጎ የሚወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ተኝቶ ተነሥቶ 12 ሰዓት ላይ መሪ የሚይዘው ሰው ገና ሰክሮ ሊሆን ይችላል።

መነሻ የሚሆን ቁጥር ከፈለጉ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለወንድም ለሴትም የሚመክሩት በሳምንት ከ112 ግራም እንዳይበልጥ ነው። በእኛ ጠርሙስ ስምንት ቢራ ተኩል መሆኑ ነው፤ ያውም በአንድ ቅዳሜ ተጠራቅሞ ሳይሆን በሦስትና ከዚያ በላይ ቀናት ተከፋፍሎ። ሴቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ አነስ ስለሚል፣ ባልና ሚስት እኩል ቢጠጡ ሚስት ደም ውስጥ ያለው አልኮል ይበልጣል። ከባል ጋር እኩል መሄድ ፍትሐዊ ቢመስልም ሒሳቡ እንደዚያ አይሠራም።

ከቤት ሳይወጡ

ቁጥሩን ቤትዎ ይወስኑ። «ዛሬ ሁለት» ብለው ለአንድ ሰው፣ ለባለቤትዎ ወይም አብሮዎት ለሚሄድ ጓደኛ፣ በግልጽ ይንገሩ። ለራስ ብቻ የተነገረ ቁጥር ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ድርድር ይገባበታል።

ከዚያ ይብሉ። የሠርግ ጥሪ 6 ሰዓት ይላል፣ ሙሽሮቹ 8 ሰዓት ተኩል ይገባሉ፣ ምግቡ 9 ሰዓት ይነሣል። በዚህ ሁሉ መሐል ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ የሚጠብቅዎ ቢራና ውስኪ ነው። ባዶ ሆድ ላይ የገባ መጠጥ ፈጥኖ ወደ ትንሹ አንጀት፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል፤ ምግብ ካለ ጨጓራ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮም ቢሆን ቀምሰው ይውጡ፤ «ሠርግ እየሄድኩ ምን ብዬ እበላለሁ» አይበሉ። የፋሲካ ሌሊት ከሁሉም ይከፋል። 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ፣ ብዙዎቻችን ከመጠጥም ርቀን ቆይተን፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ዶሮው ገና ሳይቀርብ መለኪያ የምናነሣ ሰዎች አለን። መጠጥ የለመደ ሰውነት እንኳ በዚያን ያህል ጊዜ ልማዱን ይረሳል፤ በጥቅምት ምንም ያላደረገዎ መጠን በዚያ ሌሊት ይጥልዎታል።

ብርጭቆውን መጠበቅ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

የጠላ ቀጂ ዐይኗ ከሰው ፊት ላይ አይደለም፣ ከብርጭቆ ላይ ነው። ጆጉን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ታችኛውን በግራዋ ደግፋ፣ ከኋላዎ በትከሻዎ በኩል ትመጣለች። ብርጭቆዎ ሩቡ ጎድሎ ከሆነ ትሞላዋለች፤ እርስዎ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ስለ መሬት ዋጋ እያወሩ ነው፣ አላዩአትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግማ ትመጣለች። ማታ «ስንት ጠጣህ?» ሲባሉ በሙሉ እምነት «አንዲት ብርጭቆ» ይላሉ፤ እውነትዎን ነው፣ ብርጭቆዋ አንድ ነበረች። ሲጎድል እየተሞላ የሚጠጣን መጠጥ ማንም ሊቆጥረው አይችልም፤ የድግስ ስካር ግማሹ የሚመጣው በዚህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሙሉ ብርጭቆ ማንም አይሞላውምና እስከ አፉ ሞልተው ያስቀምጡት። ከንፈርዎን እያስነኩ፣ እያነሡ እያስቀመጡ፣ ረዥም ሰዓት ይቀመጡበት። ያልጠጣን ሰው ሁሉም ያያል፤ በዝግታ የሚጠጣን ሰው ግን ማንም አያየውም። ሁለተኛው፣ ጨርሰው ሲበቃዎ መዳፍዎን የብርጭቆው አፍ ላይ ያድርጉ። ጊዜውን ይወቁበት፦ ጆጉ ሳያጋድል ነው። ጠላው መፍሰስ ከጀመረ በኋላ እጅ ቢዘረጉ እጅዎ ይረጥባል እንጂ ብርጭቆው መሞላቱ አይቀርም። እጅዎን ሲያስቀምጡ ጆጉን ሳይሆን ቀጂዋን እያዩ «እጅሽ ይባረክ፣ ጠጥቻለሁ» ይበሏት። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጠርሙስ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ቆርኪዎቹን ኪስዎ ይክተቱ፤ ሒሳብ ሲመጣም ይጠቅማል። አስተናጋጁ ባዶ ጠርሙሶቹን እንዳያነሣ ማድረግም ይቻላል፤ ፊት ለፊት የተደረደሩ አራት ጠርሙሶች ከማንም ምክር የተሻሉ ናቸው።

ከመጠጡ ጎን ውሃ ያኑሩ፤ በአንድ ብርጭቆ መጠጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ። አምቦ ውሃ በሎሚ ከጂን በዐይን አይለይም፤ ምን እየጠጡ እንደሆነ ማስረዳት ላሰለቸው ሰው ጥሩ መጠለያ ነው። አምቦውን ራሱን አረቄና ውስኪ ላይ መቀላቀል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጋዙ አልኮሉ ቶሎ ደም ውስጥ እንዲገባ ሊያግዝ ይችላል። ባለ አልኮሉን ለማቅጠን ጋዝ የሌለው ውሃ ይሻላል።

የእኛ ቤት ድግስ ለማይጠጣና ትንሽ ለሚጠጣ ሰው የሚሆን ነገር አጥቶ አያውቅም፣ ጠያቂ ጠፋ እንጂ። ብርዝ አለ፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይብላላ የሚቀርብ። ቀሪቦ አለ፣ ማልት አለ። ጠላ ካማረዎ ደግሞ ቅራሪ ይጠይቁ፤ ጠላው ከተወሰደ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ባለቤቲቱ «ቅራሪማ ለእንግዳ አላቀርብም» ብላ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ፣ ምንም አይደለም፣ ትስጥዎት ብቻ።

«በሞቴ» ሲባል

እንቢ ማለት የሚከብደው ከሰውዬው መጠጡን ለይቶ መግፋት ስለሚያቅት ነው። ጋባዧ እትዬ ጠላውን ሁለት ሳምንት ደክመውበታል፤ ብቅሉን ሲያበቅሉ፣ ጌሾውን ሲጥሉ፣ እንስራውን ሲያጥኑ ከርመዋል። «አልጠጣም» የሚለው ቃል ያንን ሁሉ መልሶ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ድካሙን ይቀበሉ፣ ከዚያ መጠኑን ይቁረጡ።

«ምነው ልጄ፣ ጠላዬ አልጣመህም?»

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ጠላ ከየት ይገኛል! እጅዎ ይባረክ። ድርሻዬን ጠጥቻለሁ።»

«አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!»

«እርስዎ ይኑሩልኝ። ይልቅ ያንን ዶሮ ቢጨምሩልኝ አልጠላም።»

ይህች የመጨረሻዋ ትሠራለች። ለጋባዥ የሚከፋው ባዶ እጅ መቅረት ነውና ጉርሻ ከተቀበሉ ብርጭቆው ይረሳል። በጽዋ ማኅበር ቤት ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ጽዋው ዞሮ ሲደርስዎ ቀምሰው ማሳለፍ ያለ ወግ ነው፣ ማንም መጠኑን አይሰፍርብዎትም።

ሰበብ መፍጠር ግን አልመክርም። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ካሉ ወዲያው «ምን ነካህ?» ይመጣል፣ ከዚያም የጎረቤት ጠያቂ። «ስለት አለብኝ» ያለ ሰው ስለቱ መቼ እንደሚፈታ ይቆጠርበታል። ሴት ስትሆን ደግሞ አንድ ቀን ቢራ ካልነካች ጠረጴዛው ሙሉ ሆዷን ያያል። አጭርና እውነተኛ መልስ፣ «ዛሬ በቃኝ»፣ ሳይብራራ ሲደጋገም ሰውን ያሰለቻል፤ የሚፈለገውም መሰልቸቱ ነው።

ዙር

አምስት ጓደኛሞች ተቀምጠው እያንዳንዱ አንድ አንድ ዙር ካዘዘ እያንዳንዱ አምስት ይጠጣል። ማንም አምስት ልጠጣ ብሎ አልመጣም፤ ተራውን ሳይከፍል መነሣት ስላፈረ ነው የቆየው። የኔ ምክር ዙርዎን ቀድመው እንዲከፍሉ ነው፣ ከተቻለ የመጀመሪያውን። የከፈለ ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ «ለኔ ውሃ» ቢል ማንም ስስታም አይለውም። ከዚህም የሚሻለው ዙርዎን በጥብስ መክፈል ነው፤ «መጠጡን እናንተ፣ ሥጋውን እኔ» ሲባል የሚቃወም ጠረጴዛ እስካሁን አላየሁም፣ ሁሉም ሰው ሆዱ ውስጥ ምግብ ይገባለታል። ቆሎ ብቻ ይዞ መቀመጥ ግን አይሁን፤ ጨው የበዛበት ከሆነ ያስጠማል።

«አንድ አንድ ብለን እንበተን» የምትባለዋ ሰዓት ስትደርስ ቆመው ይገኙ። ቦርሳውን ወይም ጃኬቱን የያዘ ሰው ላይ ብዙ አይበረቱም።

ወደ ቤት

መኪና ይዘው ከወጡ ቁልፉ ለማይጠጣ ሰው ይሰጥ፤ አሰጣጡም መጠጡ ሳይጀመር ነው። ካልሆነ ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ ይጥሩ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊሶች ማታ ማታ ትንፋሽ እንደሚለኩ የሚያውቅ ሰው እንኳ «በውስጥ ለውስጥ መንገድ እሄዳለሁ» ይላል። እግረኛው ያለው ግን ውስጥ ለውስጥ ነው።

ጓደኛ ከመጠን በላይ ጠጥቶ ከወደቀ በጀርባው አያስተኙት፤ በጎኑ ያድርጉት፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ። ብቻውን አይተዉት። ቀስቅሰውት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ «ይተኛለት» የሚባል ነገር የለም፣ ሆስፒታል ነው። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ የጠጣ ሰው በማግሥቱ ዐይኔ ደበዘዘ፣ ጭጋግ ሆነብኝ ካለም የዞረ ድምር ነው ብለው አይዘናጉ። ሜታኖል ሊሆን ይችላል፤ ሜታኖል ዐይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ሰዓት አይጠብቁ።

ጋባዥ እርስዎ ሲሆኑ

ጠረጴዛው ላይ ከሁሉ በፊት ውሃ ይቀመጥ፣ ምግቡም አይዘግይ። ሳይጠየቅ አይቀዳ፤ ቀጂዋን «ሲያልቅ እንጂ ሲጎድል አትሙዪ» ብለው ይንገሯት። ይህቺ አንዲት ትእዛዝ ብቻ እንግዶችዎ የጠጡትን መቁጠር እንዲችሉ ታደርጋለች። ማልት የጠየቀን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። «በሞቴ»ን ለምግቡ ያስቀምጡት።

ልኩ እምቢ ካለ

ይህ ሁሉ ዘዴ የሚሠራው ይሉኝታ ለሚያስቸግረው ሰው ነው። «ሁለት» ብለው ወጥተው በተደጋጋሚ ሰባት ላይ የሚገኙ ከሆነ፣ ድግስ ሳይኖር ብቻዎን የሚጠጡ ከሆነ፣ የጠጡትን ከቤተሰብ የሚደብቁ ከሆነ፣ ጠዋት እጅዎ ተንቀጥቅጦ የሚረጋው አንድ መለኪያ ሲያስገቡ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሐኪም ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ምሎ በአንድ ቀን ለማቆም አይሞክር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ ክፍለ ሀገር ከሆኑ አቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ያስጽፉ።

ሲሄዱ በቀን ስንት እንደሚጠጡ ሳያሳንሱ ይናገሩ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው በእሱ ነው። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ ይዘውት ይሂዱ። ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡበትን ሰዓትም ይያዙ፤ መንቀጥቀጡ የሚጀምረው ካቆሙ ከስድስት ሰዓት ገደማ አንሥቶ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠየቁት እሱን ነው።